ለኮብል ያዋጣነው ብር የት ደረሰ? በጽሁፍ ጠይቀን መልስ ያገኘንበት መንገድ

ይሄን የምጽፈው በየሰፈሩ ኮሚቴ ሆናችሁ ከጎረቤት ብር ሰብስባችሁ መንግስት ቤት ላስገባችሁና ሥራው ሲቆም "ብሩን የት አደረሳችሁት" ለምትባሉ ሰዎች ነው። እኔ ያለፍኩበትን ማንም እንዲያልፍበት አልፈልግም፣ ስለዚ ረዘም ቢልም ታገሱኝና አንብቡት።

ጎንደር ነው የምኖረው፣ ከአዘዞ መንገድ ገባ ያለ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፈራችን ክረምት ሲገባ ባጃጅ አይገባም፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ነው እስከ አስፋልት የምትወጣው፣ ቀብር ሲኖር የእድር ሰዎች በጭቃው እየተንሸራተቱ አስከሬኑ ሊወድቅ ሲል በአይናችን አይተናል። እና በ2012 ኮብል እናስነጥፍ ተባለ። አሠራሩ ህዝቡ የድርሻውን ያዋጣል፣ ቀሪውን መንግስት ይጨምራል ነው። ኮሚቴ ተመረጠ፣ እኔም የእድሩን ደብተር ለዓመታት የያዝኩ ስለሆነ ገንዘብ ያዥ አንቺ ሁኚ አሉኝ፣ እሺ አልኩ።

ብሩ እንዴት እንደተዋጣ እኔ ነኝ የማውቀው። እንጀራ ሸጣ የምታድር ጎረቤቴ በየሳምንቱ እየቆራረጠች ነው የጨረሰችው፣ አንድ ጡረተኛ ደግሞ ለፋሲካ ያሰቡትን በግ ሸጠው አመጡልኝ። ሁሉንም መሥሪያ ቤቱ በሰጠን የባንክ ሂሳብ አስገባን፣ የባንኩን ስሊፕ ይዘን ሄደን የመሥሪያ ቤቱን ደረሰኝ ተቀበልን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ያኔ የነበሩት ሰዎችም ተቀያይረዋል፣ ስሙን ብጠራው ለናንተ የሚጠቅማችሁ ነገር የለም። ድንጋይ መጣ፣ ልጆቹ ጠርበው ከመግቢያው ላይ ትንሽ አነጠፉ፣ ከዛ ቆመ።

በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ተጀመረ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ውጊያው ዳባት ወረዳ ድረስ መጣና ጎንደር በተፈናቃይ ተሞላች። ሰው ልጁን ባጣበት ሰዓት ስለ ኮብል ድንጋይ መጠየቅ ያሳፍር ነበር፣ እኛም ዝም አልን። ዝም ስንል ግን ወሬው ዝም አላለም። እኔ በዛው ሰሞን ወንድሜ ከውጭ በላከልኝ ብር የቤቴን ቆርቆሮ ቀይሬ ነበር፣ በቃ "የሰፈሩን ኮብል ጣራዋ ላይ አነጠፈችው" ተባለ። ቦኖ ውሃ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ደንበኞቼ ቀሩ። አንድ እሁድ እድር ላይ ዳኛው ለብቻዬ ጠርተው "ነገሩ እስኪጣራ ደብተሩን ለሌላ ሰው ብናስይዘው ምን ይመስልሻል?" አሉኝ፣ ደብተሩን አስረክቤ ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩትን እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። ደረሰኙ እኮ እጄ ላይ አለ። ግን ደረሰኝ ብሩ መግባቱን እንጂ ከዛ በኋላ የት እንደሄደ አይናገርም፣ ሰው ደግሞ መንገዱን ነው የሚያየው።

ከዛ መሯሯጥ ተጀመረ። ቀበሌ ሄድን፣ ክፍለ ከተማ ሄድን፣ መሥሪያ ቤቱ ሄድን፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው ተነስተው አዲስ ተሹመዋል፣ አዲሱ ደግሞ ፋይሉን ገና አላዩትም። የተሻለ ያልነው የህዝብ መድረክ ሲጠራ ነበር፣ አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ማይክ ደርሶኝ ተናገርኩ፣ እንባዬ እየመጣ ተናገርኩ፣ ህዝቡም አጨበጨበልኝ። መድረኩ ላይ ያሉት ግን ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ሥራ አጥ፣ ስለ ቦታ የተጠየቀውን ሁሉ አንድ ላይ ጽፈው "ጥያቄዎቹን አጠቃለን እንመልሳለን" አሉ፣ መልሱም "የልማት ሥራዎች ላይ የታየውን መጓተት እንደ ክፍተት ወስደን እናስተካክላለን" ሆነ። የኔ ጥያቄ እዛ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ማንም አልዋሸኝም፣ ማንም ደግሞ አልመለሰልኝም። ጭብጨባው ቤት ድረስ አይከተላችሁም።

አንድ የከተማ ምክር ቤት አባልም በጉባኤ ላይ አንስተውልን ነበር፣ ደግ ሰው ናቸው፣ መልሱ "በሂደት ላይ ነው" ሆነ፣ እሳቸውም ከዛ በላይ ምን ያድርጉ፣ በቃል የተጠየቀ በቃል ተመለሰ አለቀ። ለነገሩ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ስለነበር ብዙዎቹ ተመራጮች ወይ ሥራ ቀይረዋል ወይ ከተማ ለቀዋል፣ የሰፈሩ ሰው ተመራጩ ማን እንደሆነ እንኳ ረስቶ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፣ ስላልተማከለ አስተዳደር አሳይንመንት ተሰጥቷት እኔ ቤት ቁጭ ብላ ስትሠራ የስኮትላንድን ፓርላማ ታነብ ነበር። ስኮትላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አንድ ክፍል ናት፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ለንደን ካለው መንግስት ሥልጣን ተላለፈላትና በ1999 የራሷ ፓርላማ ኤድንብራ ላይ ሥራ ጀመረ። ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ፖሊሱ የዛው ነው፣ መከላከያና ውጭ ጉዳይ ለንደን ቀርተዋል። 129 አባላት አሉት። እና እነዚህ አባላት ጉባኤ እስኪጠራ ሳይጠብቁ በማንኛውም የሥራ ቀን አንድ አጭር ጥያቄ ጽፈው ያስገባሉ፣ ጥያቄው ቁጥር ይሰጠዋል፣ መንግስቱ በመደበኛው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሁፍ ይመልሳል፣ ፓርላማው ረጅም እረፍት ላይ ከሆነ 20 ቀን ይሆናል፣ ጥያቄውም መልሱም ማንም እንዲያየው ይወጣል።

"አክስቴ እይው" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደል፣ እሷ ናት የተረጎመችልኝ። ሁሉም ጥያቄ አጀማመሩ አንድ ነው፣ የስኮትላንድን መንግስት ለመጠየቅ ይልና ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፣ በዚህ ዓመት በዚህ ሆስፒታል ስንት ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው፣ ለዚህ መንገድ የተመደበው ስንት ነው ስንቱ ወጣ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ምርር ያለ ቃል የለበትም፣ "የህዝብ ጩኸት" ምናምን የለበትም። ደንባቸው ራሱ ይከለክላል፣ ጥያቄው አጭር፣ ግልጽና የተወሰነ ነጥብ ላይ ያነጣጠረ ይሁን፣ የራስህን አስተያየት አታስገባበት፣ ያ መንግስት ኃላፊነት ባለበት ጉዳይ ላይ ብቻ ጠይቅ ነው የሚለው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሳይለኩ የቆረጡት ጨርቅ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ይሄ የሚለካ ጥያቄ ነው አልኩ።

እኛ ከዛ በፊት ጽፈን የነበረው ማመልከቻ ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር። "የሰፈራችን ህዝብ ለልማት ያለውን ቁርጠኝነት በተግባር ያሳየ ሆኖ ሳለ የሚመለከተው አካል ለምን ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለ" እያለ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ "አፋጣኝ መፍትሄ እንዲሰጠን በትህትና እንጠይቃለን" ይላል። የእህቴ ልጅ አነበበችውና "እዚህ ውስጥ ጥያቄው የቱ ነው?" አለችኝ። አልነበረም። "አፋጣኝ መፍትሄ ስጡን" ለሚል ደብዳቤ "በአፋጣኝ እየሠራን ነው" ተብሎ ይመለስለታል፣ ከዛ ምን ትላላችሁ? ስለዚ አንድ ማታ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው፣ እሷ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትለኝ ነበር፣ መልሱ ቁጥር ወይ ቀን ወይ ሰነድ የማይሆን ጥያቄ አታስገቢ። የወጣው ይሄ ነው፣ እንዳለ ልጻፍላችሁ ምክንያቱም ማንም ገልብጦ ለራሱ ሊያደርገው ይችላል፦

"1. በ2012 ዓ.ም ከሰፈራችን ነዋሪዎች ለኮብል ድንጋይ ንጣፍ ተዋጥቶ ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ የሆነው ገንዘብ ጠቅላላ መጠኑ ስንት ነው? የደረሰኝ ቁጥሮቹና ቀኖቹ ይገለጹልን።
2. ከዚህ ገንዘብ ላይ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም ድረስ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ሥራ ወጪ ሆነ?
3. ቀሪው ገንዘብ አሁን በየትኛው ሂሳብ ይገኛል?"

በቃ ይሄው ነው። "ለምን ቆመ" የሚለውን ሆን ብለን አወጣነው። "ለምን" ስትሉ ጦርነቱ፣ የዋጋ ንረቱ፣ የበጀት እጥረቱ ይዘረዘርላችኋል፣ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ግን ብሩ የት እንዳለ አሁንም አታውቁም። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ "ለምን" ቁጥሩ ሲመጣ ራሱ ይመጣል። ሰኔ 30ን የጻፍነውም በጀት ዓመቱ የሚዘጋው በሱ ቀን ስለሆነ ነው፣ ሂሳቡ ተዘግቶ ሪፖርት ስለሚሆን "ገና እየተጠናቀረ ነው" ማለት ያስቸግራቸዋል።

ከኮሚቴያችን አንዱ እግረ መንገዳችንን የመገጭ ግድብንም እንጠይቅ አለ፣ የጎንደር ሰው የመጠጥ ውሃ ነገር የማያንገበግበው የለም። ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። የመገጭ ግድብ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፣ የክልል ተመራጭ ጋ ብታነሱት "የኛ አይደለም" ይባላል፣ አብሮት ያለው የኮብሉ ጥያቄም በዛው ይታጠፋል። ስኮትላንድ ላይም እንደዚሁ ነው፣ ስለ መከላከያ ወይ ስለ ኢሚግሬሽን ኤድንብራ ላይ ብትጠይቅ የለንደን ሥልጣን ነው ይባላል። የፌዴራሉን ነገር ለፌዴራሉ ተመራጭ ስጡ፣ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 55 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ከመጻፋችሁ በፊት የብሩን ምንጭ ለዩ፣ የከተማው ነው፣ የክልሉ ነው ወይስ የፌዴራሉ። የኛ ግማሹ የህዝብ ሆኖ የተጨመረው ከክልል በመጣ በጀት ነበር፣ ስለዚ በ2013ቱ ምርጫ ከኛ አካባቢ ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጡትን ሰው ፈለግን።

ሰውየው ባህርዳር ለጉባኤ ነው የሚሄዱት እንጂ ኑሯቸው እዚሁ ነው። ቤታቸው ሄድን፣ ፈርቼ ነበር እውነት ለመናገር፣ ሦስቷን ጥያቄ ከደረሰኞቹ ኮፒ ጋር ሰጠናቸው። አነበቡት፣ እንደገና አነበቡት፣ "እንዲህ አጥሮ የመጣልኝ የለም፣ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ሮሮ ነው፣ ሮሮ ይዤ ምን ብዬ ልጻፍ?" አሉ። እኛ አገር አባሉ የሚጠይቀው በብዛት ጉባኤ ላይ በቃል ነው፣ እሳቸው ግን "የመረጠኝ ህዝብ ጥያቄ ስለሆነ በደብዳቤ ልጠይቅ፣ በቂ ካልሆነ ጉባኤ ላይ ደብዳቤውን ይዤ እነሳለሁ" አሉ። በስማቸው ጻፉት፣ ግልባጭ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ አደረጉ። ይሄ ግልባጭ የሚባለውን ነገር አትናቁት፣ ደብዳቤውን ሌላ ሰው እንዳየው ሲታወቅ መሳቢያ ውስጥ አያድርም።

ደብዳቤውን ያደረሰው ኮሚቴያችን ነው። መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ ገቢ አድርጊልን፣ ኮፒያችን ላይ ቁጥርና ቀን ጽፈሽ ማህተም ምቺልን አልናት፣ "ማህተም አያስፈልግም መዝግቤዋለሁ" አለች፣ እኛ ደግሞ ግድ የለም እንጠብቃለን ብለን ቆምን። መታችልን። ይቺን ነገር እባካችሁ አደራ፣ ገቢ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልደረሰንም ቢባል ማስረጃ የላችሁም። እኛ ቁጥሯን በስልካችን ፎቶ አንስተን ለኮሚቴው በቴሌግራም ላክን፣ ከዛ በኋላ በሄድን ቁጥር "ስለ ኮብሉ" አንልም፣ "የገቢ ቁጥር ይሄ፣ ቀኑ ይሄ" ነው የምንለው። ኃላፊው ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም። የስኮትላንዶቹ ጥያቄዎች ላይ ያለው ቁጥርም ለዚሁ ነው፣ ያኔ ያየናቸው ኤስ6ደብልዩ ብለው ነበር የሚጀምሩት፣ ስድስተኛው የፓርላማ ዘመን ላይ በጽሁፍ የተጠየቀ ማለት ነው፣ ከዓመት በኋላ ሌላ አባል መጥቶ "ለዚህ ቁጥር የሰጣችሁት መልስ ላይ እንዲህ ብላችሁ ነበር" ማለት ይችላል።

መጀመሪያ የመጣልን መልስ ሁለት መስመር ነው፣ ጥያቄያችሁ ደርሶናል፣ መረጃው እየተጠናቀረ ስለሆነ እንደተጠናቀቀ እናሳውቃለን ይላል። ኮሚቴው ተናደደ፣ ይሄው ያው ነው አሉ። የእህቴ ልጅ ግን እዛም እንዲህ ዓይነት ጊዜያዊ መልስ አለ፣ ተስፋ አትቁረጡ አለች። እኔም ሳስበው ለመጀመሪያ ጊዜ በማህተም "ጥያቄው አለ" ያለን አካል ተገኘ ማለት ነው። ተመራጩ መልሰው አጭር ማስታወሻ ጻፉ፣ መቼ ነው የሚጠናቀቀው፣ ቀኑን ግለጹልኝ የሚል። ስድብ የለ፣ ማስፈራራት የለ።

ከዛ ዋናው መጣ። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ገቢ ሆኗል፣ የደረሰኝ ቁጥሮቹ ተዘርዝረዋል፣ አንድ በአንድ ከኔ ጋር ካሉት ጋር ገጠሙ። ከሱ ላይ ለድንጋይና ለጠረባ የወጣው ተጽፏል። ቀሪው ደግሞ "በጊዜያዊነት ለሌላ አካባቢ የመንገድ ሥራ የዋለ ሲሆን በ2015 በጀት ዓመት የሚተካ ይሆናል" ይላል። ይቺን መስመር ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ሁሉ ጊዜ እኔ ሌባ ስባል ብሩ ሌላ ሰፈር መንገድ ሆኖ ነበር። በመድረክ ላይ መቶ ጊዜ ብንጮህ ይቺን መስመር ማንም አይነግረንም ነበር፣ ምክንያቱም ማንም ደፍሮ አይናገራትም፣ በወረቀት ግን የሂሳብ ባለሙያው ቁጥሩን ማስታረቅ አለበት፣ ገቢና ወጪው ካልገጠመ የት እንደሄደ መጻፍ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ወዲያው አስገባን፣ ከመጀመሪያው መልስ ላይ ነው የወሰድነው፦ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር የተፈቀደበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ስንት ነው፣ በ2015 የሚተካው በየትኛው የበጀት ርዕስ ተይዟል። ለመጀመሪያው የመጣልን መልስ "ሰነዱ በአሁኑ ሰዓት በእጃችን አይገኝም" ነው። ስኮትላንድም መንግስቱ አንዳንዴ መረጃው በማዕከል አልተያዘም ብሎ ይመልሳል አለችኝ የእህቴ ልጅ፣ አባላቱ ግን ያንን መልስ ራሱን ይዘው እንዲህ ያለ ነገር ለምን አይመዘገብም ብለው ቀጣዩን ይጠይቃሉ። እኛም እንደዛ አደረግን፣ ተመራጩ ጉባኤ ላይ ሲነሱ ደብዳቤውን በእጃቸው ይዘው "የህዝብ ገንዘብ ከቦታ ቦታ ሲዛወር የፈቀደው ሰነድ የለም ተብሎ ተጽፎልኛል" አሉ። በቃል የቀረበ ነው እሱም፣ ግን ከጀርባው ወረቀት ስላለው "በሂደት ላይ ነው" ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ለሁለተኛው ጥያቄ የበጀት ርዕሱን ሰጡን።

እድር ላይ ደብዳቤውን ዳኛው ናቸው ያነበቡት። ወርሃዊ ክፍያ ካለቀ በኋላ ሰው ሊነሳ ሲል ቁጭ በሉ ብለው፣ ቁጥሩንና ቀኑን ሁሉ ሳይዘሉ፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ እስከ ማህተሙ አነበቡት። በጉን የሸጡት ጡረተኛ የደረሰኛቸው ቁጥር ሲጠራ "የኔ ነው" አሉ ጮክ ብለው። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም አልጠበቅኩም፣ በሚቀጥለው ወር ግን ደብተሩን መለሱልኝ።

አሁን አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካየሁት ተነስቼ።

ተመራጭ አልተባበርም ካላችሁ ወይ ካላገኛችሁት ራሳችሁም በዜግነታችሁ መረጃ መጠየቅ ትችላላችሁ። አዋጅ 590/2000 የሚባለው የመረጃ ነጻነት ሕግ የመንግስት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፣ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሁፍ መስጠት አለበት፣ ካልሆነ ቅሬታውን እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ መውሰድ ይቻላል። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 12ም የመንግስት አሠራር ለህዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ይጠየቅ፣ ህዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሳ ይችላል ይላል። ደብዳቤያችሁ ላይ አንቀጹን አንድ መስመር ጥቀሱት፣ ከዛ በላይ ሕግ አታብዙበት፣ ጥያቄውን ይሸፍነዋል።

የሰው ስም አታስገቡ። የእከሌን ስም ጠርታችሁ "በላው" ካላችሁ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል፣ የሚመልስላችሁ ሰውም የሚያስበው ስለ መልሱ ሳይሆን ስለ ራሱ ይሆናል፣ እናንተም በስም ማጥፋት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ ደግሞ የምክር ቤቱን መንገድ አትደርቡበት፣ ስኮትላንድም በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ እንዲጠየቅ ደንባቸው አይፈቅድም።

ሌላው፣ ሁሉም ጥያቄ ንጹህ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እዛም ቢሆን መንግስቱ ራሱ መናገር የሚፈልገው ነገር ሲኖረው በራሱ ወገን አባል በኩል የሚያስጠይቀው ጥያቄ አለ። እኛም ጋ ከመድረክ በፊት ጥያቄ ተጽፎ ለሰው ሲታደል አይተናል። የናንተን ጥያቄ ሌላ ሰው "ላሳምርላችሁ" ካላችሁ ሲመለስ አንብቡት፣ ቁጥሩን የሚጠይቀው መስመር ወጥቶ ምስጋና ገብቶበት ልታገኙት ትችላላችሁ። በኛ ደርሷል፣ አንድ ጸሐፊ ሦስተኛውን ጥያቄ አውጥቶ "መሥሪያ ቤቱ ላደረገልን ትብብር እያመሰገንን" ብሎ ተክቶበት ነበር፣ የእህቴ ልጅ ነች ያየችው።

ጊዜም አለው። ጥያቄ የሚሠራው ምክር ቤቱ ሲሠራ ነው። ሰሜን አየርላንድ የምትባለው ሌላዋ የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል የራሷ ምክር ቤት አላት፣ ፓርቲዎቹ ተጣልተው ከጥር 2017 እስከ ጥር 2020 እ.ኤ.አ.፣ ከዛም ከ2022 እስከ የካቲት 2024 አስተዳደሩ ሳይቋቋም ቀረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚኒስትር አልነበረም፣ ስለዚ ሚኒስትሩን የሚጠይቅም አልነበረም፣ ሆስፒታል ወረፋ ግን ያው ነበር። የኛንም ክልል ሁኔታ የምታውቁት ነው፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ብዙ ቦታ እንኳን ጥያቄ ማስገባት ከቤት ወጥቶ መግባትም ከባድ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለአንድ ደብዳቤ ብላችሁ መንገድ ላይ እንዳትንገላቱ፣ ግን ወረቀታችሁን አታጥፉ። ደረሰኙን፣ ስሊፑን፣ ገቢ ቁጥር ያለበትን ኮፒ ሁሉ በፎቶ አንስታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ፣ ዋናውን በፕላስቲክ አድርጋችሁ ደረቅ ቦታ፣ የኔው ቆርቆሮ ሲያፈስ አንዱ ደረሰኝ ርሶ ቀለሙ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ብር ገና ለመሰብሰብ ያሰባችሁ ኮሚቴዎች ካላችሁ ደግሞ ብሩን ከማስገባታችሁ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የምትፈርሙት ውል ላይ ሁለት መስመር አስገቡ፣ ገንዘቡ ያለ ኮሚቴው የጽሁፍ ስምምነት ወደ ሌላ አካባቢ አይዛወርም የሚልና በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ የሂሳብ መግለጫ ለኮሚቴው ይሰጣል የሚል። እኛ ውል ነበረን፣ ግን ስለ ድንጋዩ ዓይነትና ስለ ስፋቱ ብቻ ነበር የሚያወራው። የገንዘብ ያዥዋን ስምም ብቻዋን አታስቀምጡ፣ ሦስት ሆናችሁ ፈርሙ፣ ወሬ ሲመጣ አንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ።

የኛ መንገድ በ2015 ክረምቱ ሳይገባ እስከ መሀሉ ተነጥፏል፣ ባጃጅ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይገባል። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ላይኛው ያለው አሁንም ጭቃ ነው፣ ተተካ የተባለው ብር ከፊሉ ብቻ ነው የተተካው። ለሱም ጥያቄው ተጽፏል፣ ሁለት መስመር ነው፣ ስንት ተተካ ስንት ቀረ የሚል፣ ገቢ ቁጥሩም ስልኬ ላይ አለ፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። የናንተን ጥያቄ አጻጻፍ ላይ ሀሳብ ከፈለጋችሁ ጻፉልኝ፣ የእህቴ ልጅም ታግዘኛለች፣ አብረን እናሳጥረዋለን።